ጋሼ ሃኒፍ የገዛው ኩላሊት

ለምወድህ ወንድሜ ለሻፊክ፦

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? የእግርህ እብጠት ቀነሰልህ ወይስ አሁንም ጫማ እንቢ አለህ? ባለቤትህ ሻይሪንስ እንቅልፍ ታገኛለች? ልጆቹስ ቶሮንቶን ለምደው እኛን ረሱን እንዴ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ባለፈው ስትደውል ፓኪስታን፣ ላሆር ሄደህ ኩላሊት ልታስተክል ቀን እንደተቆረጠልህ ነገርከኝ። ደላላውም "ሰጪው ለጽድቅ ብሎ የሚሰጥ ደግ ሰው ነው" እንዳለህ አጫወትከኝ። ሻፊክ፣ ይቺን ቃል አውቃታለሁ። ወንድማችንን ጋሼ ሃኒፍን ላስታምም አብሬው ላሆር የሄድኩ ጊዜ ለእኛም የተነገረችን እሷው ናት።

ያረፍንበት ሆስፒታል አልነበረም፤ ስም ያልተጻፈበት፣ መጋረጃው የማይከፈት ቪላ ነበር። ጋሼ ቀዶ ጥገና በተደረገለት ማግስት ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያቃስት ሰማሁ። ደላላውን ብጠይቀው "የሠራተኛችን ልጅ ናት፣ ጉንፋን ይዟት ነው" አለኝ። ጉንፋን እንዲህ ያስቃስታል? ወጣ ሲል ጠብቄ በሩን ገፋሁት። አንዲት ለጋ ልጅ ግራ ጎኗን በሁለት እጇ ደግፋ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። መዳፏ ተሰነጣጥቆ ቀይ የጡብ አፈር ይዟል። ብዙ አወራችኝ፤ የገባኝ ግን ከህንድ የመጣችው አያታችን ትለው የነበረ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ፓኒ"፣ ውኃ። ቀና አድርጌ ሳጠጣት ደላላው ደረሰብኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ወንድምሽ እንዲድን አትፈልጊም?" ብሎ ክንዴን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ።

ለጋሼ ስነግረው ፊቱን አዞረ። "ዞሪዳ፣ እኔ የመጣሁት ልድን ነው እንጂ ላውቅ አይደለም" አለኝ።

አልዳነም። አገራችን ትሪኒዳድ ከገባን ብዙም ሳንቆይ ቁስሉ መግል ያዘ፣ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። የሳን ፈርናንዶ ሆስፒታሏ ሐኪም "ምን መድኃኒት ሰጡት? የሰጪዋስ ደም ተመርምሯል?" ብትለኝ አንድም ወረቀት አልሰጡንም አልኳት። ጉበቱንም በሽታ እንደያዘው ነገረችን። በመጨረሻ ያንን ኩላሊት አወጡት፤ አሁን ጋሼ ተመልሶ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው።

"ጋሼ ድኛለሁ ብሎኛል እኮ" ትለኝ ይሆናል። እኔንም ያጠራጠረኝ እሱ ነው። ለአንተ ሲደውል ጓሮ ወጥቶ፣ ድምፁን አጠንክሮ ነው የሚያወራው፤ ስልኩን ሲዘጋ ግድግዳ ይዞ ነው የሚገባው። ሚስቱ ናፊሳ "ከዚያ ከላሆሩ ደላላ ጋር በስልክ ይንሾካሾካል" ስትለኝ ሄጄ አፋጠጥኩት። መጀመሪያ "ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። ኋላ አለቀሰ። ደላላው "ሌላ ሰው ካመጣህልኝ ሁለተኛውን በነፃ አሠራልሃለሁ" ብሎታል። ያ ሰው አንተ ነህ። "ምን ላድርግ? እኔም መኖር እፈልጋለሁ" አለኝ። ልረግመው አፌን ከፈትኩ፤ በመርፌ ያባበጠ ክንዱን ሳየው ግን አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ እባክህ ጉዞውን ሰርዝ። እኔ ተመርምሬያለሁ፤ ጤነኛ ነኝ፣ ደሜም ከሁለታችሁ ጋር አንድ ነው። ለጋሼ ልስጥ ብዬ ነበር፤ ሐኪሟ ጉበቱ እንዲህ ሆኖ አይቻልም አለችኝ። የምሰጠው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። "ለሻፊክ ልሰጥ ነው" ብዬ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም፤ የምልክለትን የሮቲ ቂጣ ግን ይበላል። ሁለታችሁም ባሕር ማዶ ስትፈልጉ አንዳችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም። ደውልና ጠይቀኝ።

እማዬ ጉንጮችህን ትስማለች፤ ይህን ጉዳይ ስለማታውቅ ስትደውል እንዳታነሳባት። ናፊሳ ለሻይሪን ናፍቆቷን ልካለች። ልጆቹን በየስማቸው እየጠራህ ሳምልኝ። ጋሼ ሃኒፍ ሰላምታ አልላከም። ቢደውልልህ ግን ስልኩን አንሳለት፤ ወንድምህ ነው።

እህትህ ዞሪዳ
ዴቤ፣ ትሪኒዳድ
እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2019