በአንድ የጠመኔ ቦታ ሁለት ሱሪ

ማክሰኞ ጥር 14፣ ጠዋት 3 ሰ.
በአንድ እግር ፔዳል፣ በአንድ እጅ እርሳስ። ነቀምቴ ውስጥ እየሰፋ የሚጽፍ ሌላ ልብስ ሰፊ ካለ ይምጣና ይታይ፣ ደብተሬ። መሠረተ ትምህርትን በማታ ከጨረስኩ ወዲህ የሰው ልክ በጭንቅላቴ አልሸከምም። የመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ፣ በእጅጌዬ አጠፋለሁ። በረንዳውም የስፌት መኪናውም የባለሱቁ የጋሽ ናስር ነው። ሲፈልገኝ ባንኮኒውን በብረት ሜትሩ ያንኳኳል። ኳ ሲል ከተፍ ነኝ። የሚቀድመኝ የለም።

ያው ዕለት፣ 10 ሰ.
ገመቹ እሑድ ያገባል። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ነው። ሱሪና ሰደርያ ይፈልጋል። ሰማያዊ ጨርቅ አጎቱ ከአ.አ. አምጥተውለታል፣ እዚህ አይገኝም። ልኩን ጻፍኩ። ጨርቁን ዘረጋሁ፣ መቀስ አነሳሁ። ኳ! ሮጥኩ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ኦቦ ቶሌራ ካኪ ሱሪ ፈልገው ነው፤ ሰልፍ አለብኝ፣ ቶሎ ለካኝ አሉ። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ተመልሼ ቆረጥኩ።

ረቡዕ
ጉድ ሆኛለሁ። የገመቹ ሱሪ ከጉልበቱ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ልኩ የኦቦ ቶሌራ ነው። እሳቸው ከነኮፍያቸው የገመቹ ደረት አይደርሱም። የሱን አጥፍቼ እዚያው ቦታ የሳቸውን ጽፌአለሁ፤ ስመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ጋሽ ናስር አየ። አልጮኸም፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ሙሽራው እሑድ በዚህ ጨርቅ ካልወጣ የስፌት መኪናውን ሲሬ ከተማ ላለው ልብስ ሰፊ እሰጣለሁ አለኝ።

ዓርብ
መላ መጣልኝ። መምጣቱ አይቀርም ነበር፣ ማን ሆኜ። የሰደርያውን ጨርቅ ከጉልበት በታች ቀጠልኩበት፣ ታቹን ሰፊ አደረግኩት። ገመቹ ለክቶ ወደ ታች አየ።
«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይሄ እግር ነው ወይስ ጥሩንባ?»
አዲሳባ ሁሉም እንዲህ ነው አልኩት። አዲሳባን ረግጬ አላውቅም። ሰደርያውስ አለ። ጨርቁ ሱሪው ላይ እንዳለቀ ነገርኩት።  ከዚያ አንዴ ዞረ፣ ሱሪው አብሮት ዞረ፣ ሳቀ።

እሑድ ማታ
ገመቹ ሲጨፍር ሱሪው ግቢውን ጠረገው። ሁለት ሚዜዎች እንደሱ ስፋልን ብለዋል። ጋሽ ናስር ከሩቅ አየኝና ወደ ምግቡ ዞረ።

ሰኞ
ወስኛለሁ። ከእንግዲህ ኳ ሲል አልነሳም። አንድ ስፒል ኮሌታዬ ላይ እሰካለሁ፣ በቃ። ጠመኔ አልነካም፣ ሜትር አልነካም። የያዝኩትን ቆርጬ ስጨርስ ኮሌታዬን አያለሁ፤ ስፒል ካለ ሄጄ ምን ነበር እላለሁ። ሦስቴ ቢያንኳኳም ስፒሉ አንድ ነው።

ዛሬ የአንዱን ሚዜ ጨርቅ ስቆርጥ ጋሽ ናስር አንኳኳ። ሰካሁ። ደገመ። ቆረጥኩ። ሜትሩን ይዞ ወጣ።
«ደንቁረሃል እንዴ፣ አንተ?»
መቀሴን ሳላቆም ኮሌታዬን አሳየሁት፣ ነገሩንም አስረዳሁት። ስለ ሲሬው ሰው ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ጨርቁ እስኪያልቅ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ ስፒሏን በራሱ እጅ ከኮሌታዬ ነቀለ።
«አሁን ና» አለኝ።