ጅቡቲ የላክኋቸው ሰዎች

ማክሰኞ

ዛሬም አንድ ሰው ጅቡቲ ላክሁ። አምስተኛው መሆኑ ነው።

የቡና ለቃሚዋን ባል ጎርፍ ሊወስደው ነበር። ቀድሜ ገብቶኛል። ይሄ ደራሲ ሰው መግደል ሲያምረው ዝናብ ያዘንባል። እኔ ግን "በማግስቱ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ጅቡቲ ሄደ" ብዬ ገጹን ገለበጥኩ። ሐጂ ሙሜ የተወቀጠ ጫታቸውን በማንኪያ ዛቅ አድርገው "ቀጥይ" አሉ። ቀጠልኩ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ሚስትየዋ አርባ ገጽ ሙሉ ጥቁር ለብሳ ታለቅሳለች። ጅቡቲ ለሄደ ሰው ጥቁር አይለበስ ነገር! ልብሱን ሰማያዊ አደረግሁት፣ ለቅሶውን ናፍቆት አልኩት፣ ተዝካሩን ጭራሽ ዘለልኩት። ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። እማዬና ሐጂ ሙሜ ሃያ ዓመት ልብ ወለድ ተዋውሰዋል። እሳቸው ቡና ነጋዴ ነበሩ፣ እሷ አስተማሪ። ስኳር ዓይናቸውን ሲወስድባቸው እማዬ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ እዚሁ ሐረር ፈላና በር ቤታቸው እየሄደች ታነብላቸው ጀመር። እሷ ስትሞት እዚያ የረሳችውን ጃንጥላ ልወስድ ሄድኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ በእሷ ቦታ ማንበብ ጀመርኩ። ይኸው አንድ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ሦስተኛ ምዕራፉ ላይ እናት ትሞታለች። ሞቷ ሲመጣ አየሁት። አፌ በራሱ ጊዜ "ጅቡቲ ሄደች" አለ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከዚያ ለመደብኝ።

ረቡዕ

መብራት የለም፣ የሱቄ የፎቶ ኮፒ ማሽን ቆሟል። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ "መቼ ይመጣል?" ይለኛል፤ መብራት ኃይል ያለሁ ይመስል። ሥራ ከሌለ ስለ መጽሐፎቹ የልቤን ልጻፍ።

የጎርፉ፦ ወፍራም ነው፣ ግማሹ ዝናብ ነው። ለቃሚዋ ግን እውነተኛ ሴት ናት። እጇ ሲሰነጣጠቅ የኔም እጅ አሳከከኝ። ደራሲው እሷን ትቶ ስለ ደመና ሲያወራ ልቤን አወለቀው።

ሽፋኑ ላይ ጅብ ያለበት፦ ደራሲው ሐረርን በፎቶ ነው የሚያውቃት። ልጅቷ በፈላና በር ትገባና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላት ሐኪም ጋራ ላይ ቆማ ፀሐይ ስትጠልቅ ታያለች። አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ! ሐጂ "ክንፍ አላት?" ብለው ጫቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ደግሞ በየምዕራፉ ራሷን ትስታለች። ደም ማነስ ካለባት ትታከም። መጨረሻ ላይ ስትሞት እሷን ጅቡቲ መላኩ ደስ ብሎኛል።

የወታደሩ፦ ጥሩ መጽሐፍ። ዝም ማለት የሚያውቅ ደራሲ ነው፣ እንዲህ ያለ ብዙ አልገጠመኝም። ጥይት የመታውን ልጅ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ አድርጌዋለሁ።

የሽማግሌው፦ አዝጋሚ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ሰደድኳቸው። ሐጂ "በዚህ ዕድሜ ጅቡቲ ምን ሊሠራ?" አሉኝ። "ለሕክምና" አልኩ። አላፍርም እኮ።

ይሄን ሁሉ አንብቤ አንዱም አልነካኝም። ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ እላለሁ፤ ውስጤ ግን አይገባም። ጥርስ ሊነቀልበት እንደደነዘዘ ድድ ነኝ። መነካቱን አውቃለሁ፣ አይሰማኝም።

ከሰዓት አክስቴ ታፈሰች ከድሬዳዋ ደወለች። የእማዬ ታናሽ ናት። እሑድ ሙት ዓመት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ቄሶቹ ተነጋገርን። መጨረሻ ላይ "ያኔ ሳታለቅሺ ቀረሽ፣ ድንጋጤ ነው አልን። አሁንስ? ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። "እሞክራለሁ" አልኳት። ለቅሶ ይሞከራል?

ሐሙስ

ጉድ ፈላ። ተነቃብኝ።

የጎርፉን መጽሐፍ ጨረስን። ባልየው አልተመለሰም፣ ከየት ይመለሳል። ሐጂ ማንኪያቸውን አስቀመጡና "ወይንሸት" አሉ።

"አቤት።"

"ጅቡቲን ታውቂያታለሽ?"

"ኧረ አላውቃትም።"

"እኔ በቡናው ጊዜ ተመላልሼባታለሁ። ሙቀቷ አያስቀምጥም። አንቺ የላክሽው ሰው ግን አንዱም አልተመለሰም። አቦ፣ ይቺ ከተማ ስንት ሰው ትችላለች?"

ልጃቸው ፈቲያ በሩ ጋ ጫት እየወቀጠች ነበር። ሙቀጫውን አቅፋ ወደ ጓሮ ሮጠች። ሳቋ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል።

ሐጂ አልሳቁም። "የወታደሩን ዓይኔ ሳለ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ተኩሰው ገደሉት እኮ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ወላሂ፣ ውሸትሽ ያምር ነበር። ደግሞ ይደክማታል፣ ታቆማለች ብዬ ጠበቅሁ። አንቺ ግን አትደክሚም።"

መሬት መሬት አየሁ። ዓይናቸው እንደማያይ ረስቼ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። "ያ መጽሐፍ አልጠፋም፣ አይደል?" አሉ።

ያ መጽሐፍ እማዬ ያልጨረሰችው ነው። አምና ሲጠይቁኝ ለቅሶ ላይ ጠፋ ብያቸው ነበር። ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። "አለ" አልኳቸው። ድምፄ ምንም አልሆነም፤ የኮፒ ዋጋ የምናገር ነበር የምመስለው።

"እናትሽ አትዘልም ነበር። ሰው ሲሞት መነጽሯን ታወልቃለች፣ ትጠርጋለች፣ ትቀጥላለች። እኔ እስክትጠርግ እጠብቃታለሁ። በይ፣ እሱን አምጪው። ያቺ ዳቦ ጋጋሪ ምን እንደሆነች ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።"

ዓርብ

ሳጥኑን ከፈትኩ። መጽሐፉ ልብሷ ሥር ነው። ምልክት ያደረገቻት የክብሪት እንጨት ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ላይ እንዳለች አለች። እማዬ ወረቀት አታጥፍም፣ የሚያጥፍ ሰውም አትወድም።

ታሪኩ ቀላል ነው፦ ዳቦ ጋጋሪ ሴት፣ ሁለት ልጆች፣ የሳንባ በሽታ። እማዬ ያን ማክሰኞ ከሐጂ ቤት ተናዳ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ "ይቺን ሴትዮ ሊገድላት ነው!" አለች። "ሐሙስ አብረሽኝ ነይ፣ እኔ ብቻዬን አልገድላትም።"

"ልብ ወለድ እኮ ነው እማዬ" አልኳት። ሥራ አለብኝም አልኳት። ሥራ አልነበረብኝም።

ሐሙስ ጠዋት ደም ግፊቱ ጣላት። ማታውን አላየችም።

ስለዚህ ነው መጽሐፉን የደበቅሁት። ሴትዮዋ ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ላይ እስከቆየች ድረስ አልሞተችም። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ልጅ የሚያስበው ነገር ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

ክብሪቷን ሳልነካ ዘጋሁት። አላለቀስኩም። ሽንኩርት ስልጥም እንኳ አላለቀስኩም፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?

ቅዳሜ

አክስቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ቤቱን ሞላችው። ድስት፣ ሳፋ፣ ጩኸት። ገና ስታየኝ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችው። "የእናት ሞትና የድንጋይ መቀመጫ እያደር ይቆረቁራል" አለች። "ይሄ ያንቺው አልቆረቆረሽም?"

"እኔ እንጃ" አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ከቀትር በኋላ መጽሐፉን በፌስታል ይዤ አመለጥኩ። ባጃጁ ፈላና በር አወረደኝ። ቀኔ አይደለም፤ ፈቲያ ስታየኝ ደነገጠች። ሐጂ ግን ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሰሙና "መጣሽ?" ብለው ቀና ብለው ተቀመጡ። "እንዳትዘይ። ጅቡቲ የለም።"

"ጅቡቲ የለም" አልኩ።

ክብሪቷን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ። አነበብኩ። ሴትዮዋ ታስላለች። ልጆቿ ውጭ ይጠብቃሉ። ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ ምላሴ "ጅቡቲ" ሊል ተነሣ፣ ነከስኩት። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ።

ሴትዮዋ አልሞተችም።

ዳነች! ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበላት፣ መድኃኒቷን እየወሰደች ቤቷ ገባች፣ ዳቦ ጋገረች። ከዚያ ሠላሳ ገጽ ስለ ልጇ ሠርግ። አጨራረሱ፣ እውነት ለመናገር፣ አልረባም። ደራሲው መግደሉን ፈራ፣ ከፈራ በኋላ ደግሞ የሚጽፈው አጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደንብ እሰድበው ነበር።

ሐጂ "ሱብሐነላህ" አሉ። "ዳነች?"

"ዳነች።"

"እኛ ደግሞ እናትሽና እኔ፣ ያን ማክሰኞ ትሞታለች ብለን ቀብረናት ተለያየን እኮ!"

ብድግ አልኩ። ወዲያው ብድግ። "ልሂድ" አልኳቸው፣ "ልንገራት።" በሩ ጋ ደርሼ አንዱን ጫማ አደረግሁ። ሌላውን ስፈልግ፣ የማታውን ወሬ በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር፦ እማዬ አንቺ ገድለሻት መጣሽ እንጂ ሴትዮዋስ ስትጋግር ነው የዋለችው።

ከዚያ ማንን ልነግር እንደሆነ ገባኝ።

መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። ፈቲያ እጇን ሳትጠርግ ሮጣ መጥታ ያዘችኝ። "እማዬ ሞታለች" አልኳት፣ የማታውቀው ይመስል። "እማዬ ሞታለች ፈቲያ፣ አልጨረሰችውም።" ፈቲያ "አዎ፣ እቴ፣ አዎ" ትለኛለች። ሐጂ ከመደባቸው አልተነሡም። ጠበቁኝ። ብዙ ጠበቁኝ።

በአንድ ጫማ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ስወጣ ሐጂ "ማክሰኞ ሰው የሚሞትበት አምጪ" አሉኝ። "የሚሞት አጥቼ ከረምኩ።"

እሑድ

ደክሞኛል። ዓይኔ አብጧል፣ ራሴን ያመኛል። አጭር እጽፋለሁ።

ፍትሐቱ ተደረገ፣ ሰው በላ፣ ጠላው በቃ። ሐጂ በፈቲያ እጅ ተመርተው መጡ፣ ለእሳቸው የመጣላቸውን ለስላሳ ጠጥተው፣ ለእማዬ "ነፍሷን ይማር" ብለው ሄዱ።

ጠዋት መቃብሩ ላይ አክስቴ ስታየኝ ነበር የቆየችው። ዛሬ እዚያ አላለቀስኩም፤ የትናንቱ ጨርሶኝ ነው ወይስ ድዱ ተመልሶ ደነዘዘ፣ አላወቅሁም። ካህናቱ ሲሄዱ ግን ጎንበስ ብዬ የክብሪት እንጨቷን አፈሩ ላይ ሰካሁ።

"ዳነች እኮ" አልኳት።

አክስቴ ከኋላዬ መጥታ "ማናት የዳነችው?" አለች።

"የምናውቃት ሴት ናት" አልኩ።

"ተመስገን" አለች አክስቴ፣ ክንዴን ይዛ።