ሙሾ ላልወረደላት እናቴ

እማዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየሽኝ አንዱ ክረምት አልፎ ሌላው ገብቷል። ቤቱ እንዳለ ነው፤ ጣሪያው ብቻ በመኝታሽ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። አክስቴ አስካለ ዕቃዋን ጠቅልላ ከእኔ ጋር ገብታለች። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዳ ዓሣ ትገዛለች። አንቺ ሽታው ከቤቴ አይግባ የምትዪውን፣ እሷ አልጋሽ አጠገብ ትጠብሰዋለች! ብታዪያት ጉድ ይፈላ ነበር።

እኔ ተመርቄያለሁ፤ በፊዚክስ። ዕጣ ስናወጣ ለአስተማሪነት ደሴ ደረሰኝ። አልዋሽሽም እማዬ፣ ልቤ ቸኩሏል። አገር ማየት፣ በራሴ ደመወዝ ማደር፣ ሰሌዳ ፊት መቆም እፈልጋለሁ። ግን ሻንጣዬን ልዘጋ ባልኩ ቁጥር አንድ ነገር ይይዘኛል።

ለማትሪክ ሳጠና መጽሐፉ ሰልችቶኝ «ሳይንስ ባይኖር ኖሮ ምን እሆን ነበር?» ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ሽንኩርት እየላጥሽ ሥራውን ሁሉ አንድ በአንድ ገደልሽብኝ። ነርስ? መርፌው ከየት ይመጣል! ሾፌር? የበቅሎ ካልሆነ። ታይፒስቱም፣ ፎቶ አንሺውም፣ ስልከኛውም ቀሩ። «ታዲያ ምን ቀረኝ?» ስልሽ፣ «እኔን ትሆኛለሻ! በይ አርፈሽ ሳይንስሽን አጥኚ» አልሽኝ። ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ ተመኝቼው ነበር።

በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ሙሾ ለማውረድ የምትጠሪው አንቺ ነበርሽ። የሟቹን ጠባይ፣ ሥራውን፣ የልጅነት ስሙን ሳይቀር ሰብስበሽ ቤት ስትመቺለት፣ እንባ የማያውቀው ወንድ ሁሉ ፊቱን ይሸፍናል። እኔ ስከተልሽ ግን ከበር ትመልሺኛለሽ። «የሰው ሐዘን ያደክማል፤ አንቺ ቀለምሽን ቁጠሪ።» አንድ ስንኝ እንኳ አላስያዝሽኝም። አሁን ታዲያ ያን ሳይንስ የሌለበትን ዓለም ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከኋላሽ እሄዳለሁ። አንቺ ታወርጃለሽ፣ እኔ እቀበላለሁ፤ ድምፅሽ ሲደክም አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ እቀጥላለሁ። ይኼም ሙያ ነበር፣ እማዬ።

ያንቺ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ለካ ሁሉም አንቺን መጠበቅ ለምዶ ኖሯል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ እጄን ጨበጥ አድርገው «በይ እንጂ፣ ልጇ አይደለሽ?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ያን ሁሉ ዓመት ከተማርኩት ውስጥ ለእናቴ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ አልቅሰሽ የሸኘሽውን፣ አንቺን እንደ እንግዳ በዝምታ ቀበርንሽ።

በቀደም የእትዬ በላይነሽ የመጨረሻ ልጅ መርዶ መጣ። ያ ብሔራዊ ውትድርና የሄደው ግርማ። አስከሬን የለም፣ መቃብርም የለም። ሴቶቹ ከደጃችን ቆመው «የእናትሽ ቦታ ባዶ ነው፣ ነይ» አሉኝ። አክስቴ «ተዉአት፣ እሷ የተማረች ናት» አለች። እኔ ግን ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና ሄድኩ። ግርማ ከትምህርት በፊት ሐይቁ ዳር ወርዶ መረብ ይጎትት እንደነበር ትዝ አለኝና፦

ጀልባው ሁሉ ገባ፣ መረቡም ተሰጣ፤
አንዱ ልጇ ብቻ ምን ይዞት አልመጣ?

ያንቺን ያህል አላማረም፤ መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረ። እትዬ በላይነሽ ግን ደረታቸውን መቱ፣ ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ግቢው በለቅሶ ተናጋ። ያንቺንም እርም ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው፤ የግርማን ስም እየጠራሁ አንቺን አለቀስኩ።

ላንቺ የሚሆነው ግጥም እስካሁን አልመጣልኝም። ስንኙን እጀምረውና ቤት አልመታ ይለኛል። ፊዚክሱንም አልተወውም፤ የደከምሽበት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ። ደሴ የማውቀው ሰው የለም። ለቅሶ በሰማሁበት ቤት ግን እገባለሁ፤ ከአውራጇ ኋላ ተቀምጬ እየተቀበልኩ እማራለሁ። «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ሲሉኝ ስምሽን እነግራቸዋለሁ።

ልጅሽ ስንዱ
አዋሳ