ያልሞተ ሰው መርዶ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

በጥፊ መታው! አባቴን! ሃያ ዓመት የእድሩን ጡሩምባ የነፋ ሽማግሌ፣ ሰው ፊት! የመታው የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ግርማይ ነው፣ የግድግዳ ጎረቤታችን። አባዬ የመርሳት በሽታ እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል።

እርግጥ አባዬም አጥፍቷል። ንጋት ላይ ጡሩምባውን ይዞ ወጥቶ «ጋሽ ግርማይ አርፏል፣ ቀብር ስድስት ሰዓት» እያለ ሰፈሩን ዞረ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲደርስ ሟቹ በረንዳ ላይ ጥርሱን ይፍቃል። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ጥፊው ትዝ አለኝ። የእጁን ሳልሰጠው ብቀር የአባቴ ልጅ አይደለሁም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

የእድሩ ሰዎች መጥተው ጡሩምባውን ወሰዱት። አባዬ አልጋ ስር ሲፈልገው ዋለ። እኔ ፋብሪካ ሸሚዝ እየሰፋሁ የማስበው ስለ ሰውየው ብቻ ነው። የምመኝለት፦
– ሰው ፊት ይቅርታ ይበል
– ሰብሳቢነቱን ይቀሙት
– ሳል ይያዘው፣ የማይለቅ

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

አብራኝ የምትሰፋው ሓዳስ መላ አመጣች። ያለበትን ቦታ ለእኔ የሚያሳይ ትንሽ ስልክ አባዬ ኮት ገበር ውስጥ ሰፋንለት። የሰፈሩን ሴቶችም ቴሌግራም ላይ ሰበሰበችልኝ። አባዬን ያየች ትጽፋለች፣ ቅርብ ያለች ትይዘዋለች። ዛሬ መኪና ወደሚበዛበት የቁሓ መንገድ ሲያመራ ሻይ ሻጯ አስቀምጣ ሻይ አጠጣችው። ሥራ ላይ ሆኜ በደስታ አለቀስኩ።

ግርማይ ግሩፑ ውስጥ ይግባ ወይ አሉኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ? አይገባም!

እሁድ፣ ታኅሣሥ 7

ጠዋት ግሩፑ ላይ ተጻፈ። የግርማይ እናት አደይ ለተብርሃን በባዶ እግራቸው፣ ብቻቸውን ቁሓ መንገድ ላይ ናቸው። እሳቸውም ይረሳሉ ለካ፣ ልጃቸው ደብቆን ነው! የጻፈችው ሴት ታክሲ ውስጥ ሆና ነው ያለፈቻቸው። «ጎረቤቱ አንቺ ነሽ፣ ሮጠሽ ንገሪው» አለችኝ። «እሺ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ቁጭ አልኩ። ግርማይ በየደጁ ስለ እናቱ ሲጠይቅ ይሰማኛል። ደስ አለኝ። እግዚኦ፣ ደስ አለኝ!

በመጨረሻ እኛ ቤት ደረሰ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ አደይን አይተሻቸዋል?»

«መጀመሪያ አባቴን ይቅርታ ይጠይቁ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ የአባዬን ጉልበት ሳመ። አባዬ ደንግጦ ቀና አደረገው፣ «ምን አጠፋህና ልጄ?» አለው። ጥፊውን ረስቶታል። ያኔ እናቱ ያሉበትን ለግርማይ ነገርኩት፣ ገና አሁን የሰማሁ መስዬ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

አደይን ባጃጅ ገጭቷቸዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ግርማይ ሲደርስ መንገድ ላይ ወድቀው ነበር፣ የገጫቸው ገና አሁን ነው አሉት። ወዲያው ብነግረው ኖሮ ባጃጁን ይቀድመው ነበር። እኚያ አሮጊት እኔን ምን በደሉኝ?

ማታ ከሐኪም ቤት ሲመለስ እኛ ዘንድ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። «ባትነግሪኝ ኖሮ በዚያው ይቀሩ ነበር» ብሎ መረቀኝ። ግሩፑ ውስጥ አስገቢኝም አለኝ፣ ለእናቱ።

ከገባ ወደ ኋላ ያነባል። «እሺ» ያልኩበት ሰዓት ከአጠገቡ ተጽፏል።

አስገባሁት። ሓዳስ «እንኳን ደህና መጣህ» ብላዋለች። እሱ ስልኩን ከፍቷል፣ እያነበበ ይሆናል።