ቁልፉን ካስረከብን በኋላ

ለውድ እህቴ ለአሰፋሽ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? የእንግዳወርቅስ ሳል ለቀቀው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ከደም ግፊቱ በቀር ቆሜ እሄዳለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ስንነጋገር ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ የማስበው ይጠፋኛል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

የእናታችንን ሙት ዓመት ከኃይለልዑል ጋር አብራችሁ ቆማችሁ አስቀድሱ ብለሽኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት የሆነውን ስሚ።

ካህናቱና ቦርዱ ከተጣሉ ወዲህ የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ተከፍሏል። የቦርዱ ሊቀ መንበር ወንድማችን ኃይለልዑል ነው፤ እኔ ከካህናቱ ጋር ነኝ። ኅዳር ላይ ቦርዱ ካህናቱን አሰናብቻለሁ ሲል፣ እኛ ገብተን አዳራሹ ውስጥ አደርን። ኃይለልዑል መብራቱንና ማሞቂያውን አስቆረጠብን። "ጋሼን ተዉት፣ ሲበርደው ይወጣል" ይል ነበር አሉ። አልወጣሁም። ሴቶቹ ምግብ በአጥር ያቀብሉን ነበር።

አርሊንግተን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስሠራ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ስለ ጃፓን የጥንት መሳፍንት ማንበቤን ታውቂያለሽ። በዘር ቤት ተከፋፍለው ሲፋጁ የኖሩ ናቸው። የቶዮቶሚ ቤት ኦሳካ በሚባል ግንብ መሽጎ ሳለ የቶኩጋዋ ቤት ከበበው። ሰብሮ መግባት ቢያቅተው እርቅ አወረደ። በእርቁ የውጭው የውኃ ቦይ ይደፈን ተባለ፤ የከበቡት ሰዎች ግን የውስጡንም ደፈኑት። ዓመት ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። ግንቡ ተቃጠለ፣ ቤቱም ጠፋ።

አቶ ደሳለኝ የሚመሯቸው ሽማግሌዎች መጥተው፣ ካህናቱ ይመለሳሉ፣ እናንተም ለእርቁ ምልክት ቁልፉን አስረክቡ ሲሉን ይህንኑ ተናገርኩ። ሳቁብኝ። አንዱማ "አባባ፣ ሳሙራይ መጣብን እንዴ? ወንድምዎ እኮ ነው" አለኝ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። ያን ሰሞን አንቺ ደውለሽ በእናታችን አጥንት ለመንሽኝ፤ ታላቅ ነህና አንተ ቅደም አልሽኝ። በመስቀል ፊት የተባለን ነገር በወረቀት አድርጉልኝ ማለት ነውር ስለሆነ ማንም አልጠየቀም። መስቀል ተሳለምን፣ ከኃይለልዑል ጋር ተሳሳምን፣ ቁልፉን ሰጠሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ስንመጣ የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ካህናቱን መለሳቸው። እኔን ግን "እርስዎ ብቻዎን ይግቡ፣ ሊቀ መንበሩ ፈቅደዋል" አለኝ። አልገባሁም። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ከበሮውን ሰማሁ።

ቶቶሪ በሚባል ሌላ ግንብ ደግሞ የተከበበው ሰው በረሃብ ሲያልቅ፣ አለቃው የቀሩት ይትረፉ ብሎ የገዛ ሕይወቱን ሰጠ። ራስን መግደል ኃጢአት ነው፤ አላሞግሰውም። ከእኛ ግን፣ ከሁለቱም ወገን፣ ለሕዝቡ ሲል ወንበሩን የሚለቅ እንኳ አልተገኘም። ሕፃናት ሳይቆርቡ ከረሙ። የልጅ ልጄ ዮዲ በእንግሊዝኛ፣ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፣ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለችኝ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ካህናቱን ውጭ ትቼ ብቻዬን አልገባም። ጥር ሃያ አንድ ቀን እሱ ውስጥ ያስቀድስላት፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ያሳደገችን ለዚህ አልነበረም። አንቺም ዳግመኛ በአጥንቷ አትለምኚኝ፤ ከእንግዲህ የማስረክበው የለኝም።

እንግዳወርቅን አክብሬ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ኤፍራታንና ሄኒን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለወይዘሮ ከበቡሽ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለኃይለልዑል ስትደውዪ በእኔ ስም ሰላም እንዳትዪው። የስኳር መድኃኒቱን መውሰዱን ግን ጠይቂው፤ እኔ አስጠየቅኩ እንዳትዪ።

ወንድምሽ ልሳነወርቅ
አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ
ጥር 5 ቀን 2003 ዓ.ም.