ለጎረቤት የጻፍኩት ደብዳቤ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ቤቱን አየሁት። አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ። ባጃጅ እስከ በሩ ይገባል። ሦስት መኝታ፣ ሰፋ ያለ ግቢ፣ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን። ባለቤቷ እትዬ ዙፋን ደግ ሴት ይመስላሉ። የሚገቡት አራት ሴቶች መሆናቸውን ነገርኳቸው። የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለባቸው፣ ቀን ሥራ እንደሚውሉ፣ አንዲት ረዳት አብራቸው እንደምታድር። «ታዲያ እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ።

አራቱ አሁን ያሉት ድርጅታችን ግቢ ውስጥ ነው፣ ከሠላሳ ሰው ጋር። መብላት በደወል፣ መተኛት በደወል። ጋዲሴ እዚያ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ። አሁን ሃያ ስምንት ሞልቷታል።

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ አቶ ሳህሌ፦ «ከመግባታቸው በፊት ጎረቤቱ በደብዳቤ ይወቅ። በኋላ አታለላችሁን እንዳይሉን።» ልክ ናቸው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ደብዳቤውን ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ስለ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መስመር... ሰው ያወቀውን አይፈራም ብዬ። ጋዲሴ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ስለምትወስድ የሚጥላት አልፎ አልፎ ነው። ልጻፈው? ልተወው? ጻፍኩት። መንገድ ላይ ብትወድቅ እንዲረዷት።

እሷን አልጠየቅኳትም። ጊዜ አልነበረም ልበል? ነበረ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ሰባት በር አንኳኳሁ። ሁለቱ ቤት ሰው የለም፣ በበሩ ሥር አስገባሁላቸው። አንዱ ሰውዬ ሳያነበው ኪሱ ከተተው። አጥር የሚጋሩት እትዬ ብዙወርቅ ግን መነጽራቸውን አምጥተው፣ ቆመው፣ እስከ ፊርማው አነበቡት።
«ይቺ የምትወድቀዋ... ልጆች አጠገቧ ቢደርሱ አይዛቸውም?»
አይተላለፍም አልኩ።
«ሐኪም ነሽ?»
«አይደለሁም።»
«እንግዲያው!»

እሑድ፣ ጥቅምት 23
እድሩ ጠራኝ። ሰብሳቢው ጋሽ ቡልቻ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ የጤፍ ማሳ ሳለ ጀምሮ እዚያ የኖሩ ሰው። ወረቀቴን አጥፈው ይዘውታል።
«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ፈቃድ መጠየቂያ?»
«ማስታወቂያ ነው፣ ጋሼ።»
«ፈቃዳችን ካላስፈለገሽ ለምን አመጣሽልን? አምና ፊት ለፊቴ ያለውን ቤት የማረሚያ ቤት ጠባቂዎች ሲከራዩት ማንም ወረቀት አልሰጠኝም።»

ሌሎቹ ቀደሙኝ። ልጆች አሉን... እብድ ቢሆኑስ... «ለራሳቸውም ያ ግቢያቸው ይሻላቸዋል።» እጅ ይውጣ ተባለ። ጋሽ ቡልቻ እጃቸውን አላወጡም። ቆጠራውን ግን እሳቸው ቆጠሩ። አሥራ ዘጠኝ ለስድስት። ተሸነፍን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
እትዬ ዙፋን ደወሉ። «ክፋት የለኝም ልጄ። ግን ስሞት የሚቀብረኝ እድሩ ነው።» ቤቱ ቀረ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26
ለአራቱም ነገርኳቸው። ሌንሳ አለቀሰች። ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር። ጋዲሴ አላለቀሰችም። ደብዳቤውን አምጪው አለችኝ። ማንበብ ትችላለች፣ ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች።
«ኡሚ፣ ይሄ እኔ ነኝ?»
«አዎ።»
«መውደቄን ለማን ነገርሽ?»
«ለጎረቤቶቹ። ለሰባት ቤት።»
ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። «የእነሱስ ወረቀት? እነሱን ምን ያማቸዋል?»
የለም አልኳት።
«ለምን?»

ተፋትቼ ብቻዬን ቤት ስከራይ እኔ ለማን ጻፍኩ? ስለ እኔስ ማን ጻፈ? ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እሺ አላለችም። ተነስታ ልብሷን ልታጥብ ሄደች።

አርብ፣ ኅዳር 5
ሌላ ቤት። ወደ ቂሊንጦ መሄጃ፣ የፋብሪካ ሰርቪሶች የሚያልፉበት መንገድ ዳር። አከራዩ ሻፊ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እንደኔው የወሎ ልጅ። ማን እንደሚገባ ነገርኩት፣ ስለ ሕመም ግን ትንፍሽ አላልኩም። «ሰው አይደሉ እንዴ!» አለ፣ በቃ።

አቶ ሳህሌ ደብዳቤው የታለ አሉ። አልጽፍም አልኩ። «ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።» እሺ አልኩ። ተሳስቼስ ቢሆን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ገቡ። ጋዲሴ ራሷ ሦስት በር አንኳኳች። እኔ ከኋላ።
«ጋዲሴ እባላለሁ። ልብስ ስፌት ቤት የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። ቤታችን ያ ነው።» ሌላ ምንም።
አንደኛው ቤት በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋትና ዘጉባት። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛዋ ባለሱቋ ከውሲ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዳቦ ሲያልቅብሽ ነይ» አለቻት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8
ጋዲሴን ከውሲ ሱቅ በር ላይ ጣላት። ረዳቷ ደውላልኝ ስደርስ አልፎላት ተቀምጣለች። ቅንድቧ ተሰንጥቋል። ሰው ከቧታል። ከውሲ ክብሪት ለኩሳ አሽትታታለች። ሲያዩ የኖሩት እሱን ነው... ሌላ ምን ታድርግ?

እኔን ስታይ ጮኸችብኝ። «ለምን አልነገርሽኝም? እጄ ላይ ብትሞትስ?» ነጠላዋ በጋዲሴ ደም ርሷል። እውነቷን ነው። ብጽፍላት ኖሮስ፣ የገቡ ቀን ዳቦ ሲያልቅብሽ ነይ ትላት ነበር? አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ሁለት ቦታ ሰፏት።

አርብ፣ ታኅሣሥ 10
ጋዲሴ ሱቅ ልሄድ ነው አለች። አብሬሽ ልምጣ? «ነይ። ግን አትናገሪ።»

ከውሲ ባንኮኒው ኋላ ሩዝ ትመዝናለች። ቀና አላለችም።
«የሚጥል በሽታ አለብኝ» አለቻት ጋዲሴ። «ከልጅነቴ ጀምሮ። ስወድቅ በጎን አስተኚኝ። ጭንቅላቴ ሥር ልብስ አድርጊልኝ። ክብሪት አታሽትቺኝ፣ ያቃጥለኛል። አፌ ውስጥም ምንም አትክተቺ።»
ከውሲ እኔን አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ወደ ጋዲሴ ዞረች።
«መጀመሪያ ቀን ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»
«አላውቅሽማ።»
ከውሲ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ኮስተር አለች። «ስንት ደቂቃ ይቆያል?»
«እኔ አላየውም። ሁለት፣ ሦስት ይላሉ። አምስት ካለፈ ጤና ጣቢያ ውሰጂኝ።»
«እሺ። ለባለቤቴ ልንገረው? ከሰዓት የሚሸጠው እሱ ነው።»
ጋዲሴ አሰበች። መልሱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት።
«ራሴ እነግረዋለሁ» አለች።

እሱ እስኪመጣ ብላ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እኔ ታክሲ ያዝኩ።