ነጌቲቭ የሌለው ፎቶ

«አባዬ፣ ይሄ ዲጂታል ነው፤ ነጌቲቭ የለውም። ያላማሩትን እዚያው አጥፍቼ ያማረውን ልኬልሃለሁ።»

ልጄ፣ ጤናሽ ይብዛልኝ፣ በሄድሽበት ይቅናሽ። ቃልሽን እንዳለ የገለበጥኩት ኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትይኝ ነው። ለመሆኑ ማን አጥፊ አለሽ?

እኛ ደህና ነን። እናትሽም ጉልበቷን ሻል ብሏታል፤ የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። ያ ጓዳ ትዝ ይልሻል? በቀይ አምፖል ፎቶ ሳጥብ ከጎኔ ቆመሽ፣ ፊትሽ ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ታዪ ነበር። ጨፍነሽ፣ አኩርፈሽ ወይም ታመሽ የተነሳሽው ሁሉ ይወጣል። እኛ ፎቶ እናጥባለን እንጂ አናጠፋም።

የላክሽውን በአጉሊ መነጽር መረመርኩት። ቅንድብሽ ላይ የነበረው ጠባሳ የት ሄደ? እናትሽ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ አማረባት እንጂ ምን ሆነች? ምቀኛ!» ብላ ሳቀችብኝ። ሰዓትሽን ሳሳያት ግን ሳቋን አቆመች። ስትሄጂ አንጓሽ ላይ ልክክ ብሎ የነበረው ሰዓት፣ ፎቶው ላይ እጅሽን ስታውለበልቢ ወደ ክርንሽ ተንሸራቷል። ፊትሽን አሳምረሽ እጅሽን ረስተሻል።

ታመሻል ወይስ አትበዪም? መክሳትሽ ያሳስበኛል፤ የሚያናድደኝ መደበቅሽ ነው። በፊልም የሚያነሳ ሰው ፈልገሽ ተነሺና ፎቶውን ከነነጌቲቩ ላኪልኝ። እሱ ካልተገኘ፣ ያጠፋሻቸው ላይ ምን ትመስዪ እንደነበር ጻፊልኝ።

ክፉ አይንካሽ፣ የኔ ልጅ። በእስክሪብቶ የተጻፈ መልስሽ እስከ ጥር አሥራ አምስት ይድረሰኝ፤ ስርዝ ድልዝ ቢበዛበትም በሌላ ወረቀት እንዳትገለብጪው።

አባትሽ